አሮጊቷ እስክትሻገር

ጠዋት ጠዋት፣ ገና መንገዱ በጡሩምባ ሳይሞላ፣ የሹፌሩ እናት ፊቷን ልትታጠብ ከክፍሏ ስትወጣ ኮሪደሩ መሃል ላይ ትቆማለች። ከመኝታ ክፍሏ በር እስከ መታጠቢያ ቤቱ በር አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ የምትሄድበት ይጠፋታል። አንድ እጇን ግድግዳው ላይ፣ ሌላውን የሹራቧ ቁልፍ ላይ አድርጋ፣ ቀኝ እግሯን ከወለሉ ትንሽ ከፍ ታደርግና መልሳ እዚያው ታስቀምጣለች። ኮሪደሩ ድሮም ጠባብ ነበር፤ የሚስቱ የስፌት መኪና ሳሎን አልበቃው ብሎ እዚያ ከተቀመጠ ወዲህ ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ መስሏል። ስለዚህ የቤቱ ሰው አንድ ዘዴ ለምዷል፤ ሆድን ወደ ውስጥ መሳብ፣ ጎንን መስጠት፣ ትንፋሽን ዋጥ አድርጎ በአሮጊቷና በግድግዳው መሃል ሹልክ ማለት። ሚስቱ የሻይ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዛ ጠብታ ሳታፈስ ታልፋለች። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጁ በአንድ እጇ ጸጉሯን እያበጠረች፣ በሌላው ስልኳን እያየች ታልፋለች። እሱ ብቻ አያልፍም። ከእናቱ ኋላ ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ቀይ መብራት እንደያዘው ሰው ይቆማል። አንዳንድ ቀን ሁለት ደቂቃ፣ አንዳንድ ቀን አሥር። ፊቱን መለየት ካቆመች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ፊት ለፊት ስታየው አንዴ የሞተ ወንድሟን፣ አንዴ ኪራይ ሊሰበስብ የመጣ ሰው ታደርገዋለች። ከኋላዋ ሲቆም ግን፣ ዘወር እንኳ ሳትል፣

«አንተ ነህ?» ትላለች።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«ወዴት ነበር የምሄደው?»

«ፊትሽን ልትታጠቢ።»

«እሱስ ነው» ትልና ሰባተኛውን እርምጃ ትጀምራለች። በምን እንደምታውቀው ለቤቱ ሰው እንቆቅልሽ ነው። ሚስቱ በኮቴው ነው ትላለች። ኮቴ ግን የሚሰማው ሰው ሲሄድ እንጂ ሲቆም አይደለም።

የዚያን ቀን ጠዋት እንደ ልማዱ ከእናቱ ኋላ ቆሞ ሳለ ከኩሽና የልጁ ድምፅ መጣ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

«ፈተናውን ለስዕል ብሎ እኮ ነው የወደቀው። ሰው ብትሆን እሺ፣ ምን ይደረጋል ይባላል። ስዕል!»

«ቀስ በይ፣ ይሰማል» አለች ሚስቱ።

«ይስማ። የስልኩን አሥራ ሁለት ትምህርት አብሬው ተቀምጬ አላስጨረስኩትም? ከሥራ ደክሞኝ እየመጣሁ። ዛሬም ከጠበቃት እንደ ባልደረባው እንደ ባለ ጢሙ በር ላይ ነው የሚጎልቱት።»

«አባትሽ እንዲህ ነው። እኔን ለመጠየቅም አራት ዓመት ነው የፈጀበት።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቶሎ ቆመ፤ ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ ብቻ ተሰማ። ሹፌሩ ጆሮው ጋለ። እናቱ እግሯን አነሳች፣ አስቀመጠች። «አንተ ነህ?» አለችው፤ እሱም ድምፁ ወደ ኩሽና እንዳይሄድ ዝቅ አድርጎ እሱ መሆኑን ነገራት።

የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ በዚህ ሥራ ሃያ ሰባት ዓመት ኖሯል። ትኬት ቆራጩ በሩን ዘግቶ «ሂድ!» እያለ ብረቱን ሲደበድብ፣ እሱ በመስታወቱ አንድ ሰው ከኋላ እየሮጠ እንደሆነ ካየ «ይድረስ» ይላል። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ የምትሮጥ ሴት፣ ጫማው የሚወልቅበት ሽማግሌ፣ ሰክሮ አቅጣጫ የሳተ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ «ይድረስ»። በዚህ የተነሳ ስሙ ይድረስ ሆኖ ቀረ። ነገሩ የደብዳቤ አናት ስለሚመስልም ባልደረቦቹ ሲያገኙት «ይድረስ ለምንወድህና ለምናከብርህ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» እያሉ ይቀልዱበታል። የጠፋበትን ደቂቃ ቀጥ ባለው ጎዳና ላይ ያካክሰዋል፤ ባያካክሰውም ተሳፋሪው ለምዶታል። በሃያ ሰባት ዓመት ሰው ቀርቶ ድመት አልገጨም።

አሁን ግን አሮጌዎቹ አውቶቡሶች በወሩ መጨረሻ ሊወገዱ ነው። በምትካቸው የሚገቡት በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ናቸው፤ ድምፅ የላቸውም፣ በራቸውን የሚዘጉት በሰዓታቸው ነው፤ ትኬት ቆራጭም አያስፈልጋቸውም። እነሱን የሚነዳው በስልክ የሚሰጠውን ትምህርት የጨረሰና መለማመጃው ማሽን ላይ ከመቶ ሰማንያ ያመጣ ብቻ ነው። ሁለት ዕድል ይሰጣል። በሁለቱም ያልቀናው ወደ ጥበቃ ወይም ወደ መኪና እጥበት ይዛወራል።

ትምህርቱን አልጠላውም። ድሮ ሥልጠና ማለት አዳራሽ ውስጥ ተሰብስቦ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እያንቀላፋ፣ ሻይ እስኪመጣ መጠበቅ ነበር። ይኼኛው ደግሞ ሳሎን ድረስ መጣለት። ስልኩ «ውድ ሠልጣኝ፣ እንኳን ደህና መጡ» ሲለው «እንኳን ደህና ቆያችሁኝ» ብሎ ይመልሳል፤ ልጁ «አባዬ፣ አይሰማህም እኮ» ብላ ትስቅበታለች። አራተኛው ትምህርት የመስታወት ነበር። በዚያ ምሽት፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የቀኙን መስታወት አሳስቶ ሲያስተካክል እንደኖረ፣ ከኋላው የቀኝ ጎማ አጠገብ አንድ ሰው ሙሉውን ሊደበቅበት የሚችል ቦታ ሳያይ እንደነዳ ተረዳ። ላብ አጠመቀው። በነጋታው መስታወቱን እንደተባለው አደረገ፤ እውነትም መንገዱ ሰፋለት። ላስተማረው ሁሉ ምስጋና የሚነፍግ ሰው አይደለም። ዘጠነኛው ላይ ብቻ ከስልኩ ጋር ተጣሉ። ጥያቄው «በሩ ከተዘጋ በኋላ አንድ ተሳፋሪ እየሮጠ ቢመጣ ምን ያደርጋሉ?» የሚል ነበር። እሱ «እጠብቃለሁ» የሚለውን ነካ። ቀይ መብራት በራ። ደግሞ ነካው፤ ደግሞ ቀይ። ሦስተኛ ሲሞክር ልጁ ጣቱን በቀስታ ይዛ ወደ ታች ወስዳ «በፕሮግራሙ መሠረት ጉዞዬን እቀጥላለሁ» የሚለው ላይ አሳረፈችው። አረንጓዴ ሆነ። እሱም ወደ አሥረኛው አለፈ።

የዚያን ቀን ቁርስ ቀረበ። ሚስቱ የሰማያዊ ሸሚዙን ያለቀ ኮሌታ ገልብጣ ሰፍታለት፣ ተኩሳው፣ ወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቅላው ነበር። ዳቦው ከትናንት የተረፈ ነው፤ የትኩሱ ዋጋ በወር ሁለት ጊዜ ከጨመረ ወዲህ የትናንቱን በሻይ ማራስ ለምደዋል። ልጁ ዓይኗን ስልኳ ላይ ተክላ በላች። እሱ መስማቱን ታውቃለች፤ እሱም ማወቋን ያውቃል። ሲወጣ ሚስቱ በሩ ድረስ ሸኘችውና የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈችለት።

«ዛሬ…» አለች።

«እህ?»

«ምንም። ሸሚዙ አምሮብሃል።»

ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ከላይ «ቶሎ ና» ስትለው ሰማ። በሃያ ሦስት ዓመት ትዳራቸው ቶሎ ና ብላው አታውቅም።

የአውቶቡሶቹ ማደሪያ በር ላይ ባለ ጢሙ መደገፊያ በሌለው ወንበር ተቀምጦ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳ ሰው ነው፤ ጭጋግና ዝናብ አይበግረውም ይባልለት ነበር። ማሽኑ ውስጥ ገብቶ መሪውን ሁለት ጊዜ እንዳዞረ ግን ሆዱ ተገላበጠ። ምስሉ ይሄዳል፣ ወንበሩ አይሄድም፤ አንጎሉ የትኛውን ይመን? በሁለተኛው ዕድሉም ጫማው ላይ አስመለሰው። አሁን መኪና ሲመጣ ብረቱን ያነሳል፣ ሲያልፍ ያወርዳል። ለሚወጣው ለእያንዳንዱ አውቶቡስ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል። ሹፌሮቹ በቀልድ ይቀበሉታል፤ ቀና ብለው ዓይኑን የሚያዩት ግን ጥቂቶች ናቸው።

«ይድረስ ለውድ ወንድሜ» አለ። «ዛሬ ነው አሉ ሣጥን የምትገባው።»

ማሽኑን ሣጥኑ ነው የሚሉት።

«ዛሬ ነው።»

«ቁርስ በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«ተሳስተሃል። ከእኔ አትማርም?» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ጢሙን ጠረግ አድርጎ ወደ ወንበሩ በአገጩ አመለከተ። «ስማኝ፤ ይቺ ወንበር አንድ ናት። ለሁለት አትበቃንም።»

ሣጥኑ ያለው ድሮ የጎማ መጋዘን በነበረው ክፍል ነው፤ ግድግዳው ነጭ ቢቀባም የጎማው ሽታ አልወጣም። በሩ ፊት አምስት የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። ከነሱ ባንዱ ላይ ዘጠና ስምንቷ ተቀምጣ አገኛት። ይህችን ሴት መሪ ያስጨበጣት እሱ ነው፤ የዛሬ ስድስት ዓመት ዳገት ላይ ፍሬን እንዴት እንደሚለቀቅ ሲያሳያት፣ ረዳቶቹ «ሴት አውቶቡስ ነዳች፣ ዶሮ ጮኸች» እያሉ ሲያፌዙ፣ ከአጠገቧ ሳይነሳ ሦስት ወር ተቀምጧል። ሣጥኑ ላይ ዘጠና ስምንት ስላመጣች ስሟ ቁጥር ሆነ። የእረፍት ቀኗ ነበር፤ ለእሱ ብላ መጥታ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እንዳይስቁብኝ።»

«ምን ያስቀኛል።»

«ማሽኑ ውስጥ የምትሻገረው አሮጊት ጋ ሲደርሱ ዓይንዎን ይጨፍኑ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ሲገልጡ አልፏል። እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት።»

«ጨፍነሽ?»

«ጨፍኜ። ሁሉም እንደዚያ ነው ያደረገው። ስለማያወሩት ነው።»

ሹፌሩ ስለ ባሏ ጤንነት ጠየቃት፤ ደህና ነው አለችው። ስለ ቤት ኪራይ ተጨዋወቱ። ከዚያ በሩ ተከፈተ።

በመጀመሪያው ዕድሉ የሆነው ይህ ነበር። ማሽኑ የሃያ አምስት ደቂቃ መንገድ ያሳያል። ከተማው ንጹሕ ነው፣ ዛፎቹ እኩል ናቸው፣ አስፋልቱ ላይ አንድ ጉድጓድ የለም፤ ሹፌሮቹ «ጉድጓድ በሌለበት መንገድ ማን መንዳት ያቅተዋል?» ይላሉ። አሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ፣ የእግረኛ መሻገሪያ ጋ፣ አረንጓዴ ካፖርት የለበሰች ጥቁር ቦርሳ የያዘች አሮጊት ከእግረኛ መንገዱ ትወርዳለች። ሹፌሩ መቆም አለበት፤ እግረኛ እስኪያልፍ መቆም ነጥብ ያስገኛል። ቆመ። አሮጊቷ መንገዱ መሃል ደረሰችና ቀጥ አለች። ቀኝ እግሯ ይነሳል፣ እዚያው ያርፋል። ይነሳል፣ ያርፋል። ጡሩምባ ቢነፋ አትሰማም። በግራ እንዳይዞር የተከለከለ መስመር ነው፣ በቀኝ የእግረኛ መንገዱ ነው። እሱም እጁን መሪው ላይ አድርጎ ጠበቀ። ባልደረቦቹ በመስታወት ውጪ ሆነው እያዩ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ «ይድረስ፣ እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል አሉ፣ ጠብቃት!» ብለው ጮሁ፤ በመጨረሻ ሰለቻቸውና ሄዱ። ሰባት ደቂቃ ጠበቃት። ጊዜው አልቆ ማሽኑ ስልሳ አንድ ብሎ እስኪጠፋ ድረስ እግሩን ከፍሬኑ አላነሳም።

አሰልጣኟ ሩቅ ተምራ የመጣች ልጅ ናት፤ ሹፌሮቹን ሁሉ ጋሼ ትላለች፣ ስትናገር ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ ደጋግማ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ዛሬ ከኮምፒውተሯ ኋላ ተነስታ አጠገቡ መጣች።

«ጋሼ፣ ሳንጀምር አንድ ነገር። ስለ ሴትየዋ።»

«እሺ፣ ልጄ።»

«ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ የማሽኑ ነው። ለሸጡልን ሰዎች ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ።»

«ምን አሉሽ?»

«በሚቀጥለው እድሳት ትሻገራለች አሉ።»

«መቼ ነው እሱ?»

«አልነገሩኝም።» እስክሪብቶውን ዘጋች። «በማሽኑ ሒሳብ እሷ ተሻግራ ጨርሳለች። መንገዱ ባዶ ነው። ቢሄዱ ግጭት አይመዘግብም፣ ነጥብ አይቀንስም። የሚቀንሰው ቆሞ መጠበቅ ነው።»

«እኔ ግን አያታለሁ።»

«እኔም አያታለሁ።»

«ታዲያ አንቺ አይተሻል፤ ቆሞ ነው የወደቀው ብለሽ ብትመሰክሪስ?»

«መስክሬ ነበር» አለች ልጅቷ። «ባለፈው ሳምንት፣ በእርስዎ ጉዳይ። አለቆቹ፣ ሌሎቹ ሠላሳ አራቱ እንዴት ነዱ አሉኝ። እኔ ምን ልበል?»

ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ። እንደለፋችለት ገባው፤ ለምን እንደሆነ አያውቅም፣ ከራሱ ይልቅ ለእሷ አዘነ። ሸሚዙን ሳብ አድርጎ አስተካክሎ ገባ። ወንበሩን ለቁመቱ አመቻቸ። ምስል ቢሆኑም የግራውን መስታወት፣ የመሃሉን፣ ከዚያ የቀኙን አራተኛው ትምህርት ባስተማረው መንገድ አስተካከለ።

ጥሩ ነዳ። አሰልጣኟ በኋላ ለባልደረቦቹ እንደነገረችው፣ በዚያ ማሽን ላይ እንደዚያ የነዳ አላየችም። ማቆሚያዎቹ ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ቢቀመጥ እንዳይፈስ አድርጎ ቆመ፣ እንዲሁ ተነሳ። ከቆመ መኪና ኋላ ድንገት የወጣውን ብስክሌት ገና ጥላውን አይቶ ፍሬን ያዘለት። ከስክሪኑ ጥግ ያለው ሰዓት አሥራ ስምንት ሲል አረንጓዴው ካፖርት ከእግረኛ መንገዱ ወረደ። ቆመ። እሷ መሃል ድረስ ሄደች፤ ቀጥ አለች። እግሯ ተነሳ፣ አረፈ።

ጠበቀ። እጁ መሪው ላይ ነው፣ ዓይኑ እሷ ላይ። አንድ ደቂቃ። በጥግ ያለው ቁጥር መቀነስ ጀመረ፤ ዘጠና ሰባት፣ ዘጠና ስድስት። እንዲህ ቆሞ ሳለ ልቡ ያለወትሮው ጸጥ አለ። ኮሪደሩ ታወሰው፣ የጠዋቱ ጸጥታ፣ የሹራቡ ቁልፍ። ቀጥሎ የልጁ ድምፅ መጣ፣ «ስዕል!»። መደገፊያ የሌለው ወንበር መጣ፣ ብረቱ ሲነሳ፣ ብረቱ ሲወርድ፣ ቀና ብሎ የማያየው ሹፌር ሁሉ። ቶሎ ና የሚለው ድምፅ ከደረጃው ላይ ወረደ። ዘጠና አምስት።

እግሩን ከፍሬኑ አነሳ። ዓይኑን አልጨፈነም፤ ሃያ ሰባት ዓመት መሪ ይዞ ጨፍኖ አያውቅም፣ አሁንም አልቻለም። ካፖርቱ እየሰፋ መጣ። ፊቷ ሲቀርብ ፊት አልነበረውም፤ ሁለት ነጥብና አንድ መስመር ብቻ ነበር። ከዚያ ስክሪኑ በሙሉ አረንጓዴ ሆነ፤ ቀጥሎ ለቅጽበት ነጭ፣ ያልተቀባ፣ ምንም የሌለበት። ከዚያ መንገዱ። ዛፎቹ እኩል ናቸው። ምንም አልተነካም፣ ድምፅም አልነበረም። ሹፌር ነውና መስታወቱን አየ። የቀኙ መስታወት በደንብ ተስተካክሏል፤ ምንም የሚደብቀው ቦታ የለም። አሮጊቷ እዚያው ነበረች፣ መንገዱ መሃል፣ እግሯ እየተነሳ እያረፈ፣ እያነሰች።

ማሽኑ ዘጠና አራት አለ። ስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም ብጥስጣሽ ወረቀት ዘነበ፤ በስልኩ የለመደው ድምፅ «ውድ ሠልጣኝ፣ እንኳን ደስ አለዎት» አለው። አፉ ሊመልስ ተከፈተና ተዘጋ። አሰልጣኟ የምስክር ወረቀቱን አትማ፣ በሁለት እጇ ይዛ ሰጠችው። እንኳን ደስ አለዎት አላለችም። «ይቅርታ፣ ጋሼ» ነው ያለችው። ዘጠና ስምንቷ ውጪ ቆማ ነበር፤ ፊቱን አየችና ቁጥሩን አልጠየቀችውም።

በሩ ላይ ባለ ጢሙ ብረቱን ሳያነሳ ቆየ።

«ስንት?»

«ዘጠና አራት።»

«አልጠበቅካትም?»

ሹፌሩ ወረቀቱን በጋዜጣ መሃል አድርጎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

«ደግ አደረግክ» አለ ባለ ጢሙ። ብረቱን በቀስታ አነሳው። እጁን ግን ወደ ግንባሩ አላደረሰም።

ከሰዓት በኋላ አሮጌው አውቶቡሱ ላይ ፈረቃውን ሠራ። ወሬው ቀድሞት ደርሶ ኖሮ፣ ያገኘው ሹፌር ሁሉ በመስኮት «ዘጠና አራት!» እያለ እጁን አወጣለት። የደብዳቤውን ቀልድ የቀለደ አልነበረም። አንድ ማቆሚያ ላይ፣ ሰው ሁሉ ተሳፍሮ በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ መስታወቱ ውስጥ እያየ ቆመ። ትኬት ቆራጩ ብረቱን ደበደበ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ «ሹፌር፣ ማንን ነው የምንጠብቀው?» አሉ፤ ሌላው «ሹፌሩ ተኝቷል» አለ፤ ሰው ሳቀ። መንገዱ ላይ የሚሮጥ አልነበረም። ተሳፋሪው ማጉረምረም ሲጀምር ሄደ።

ቤት ሲገባ መሽቷል፤ ገና ደረጃው ላይ የልጁ ሳቅ ተሰማው። ከቀትር በኋላ ደውሎ ቁጥሩን ነግሯት ነበር፤ «አባዬዋ!» ብላ ስልኩ ውስጥ ጮኻ፣ ከዚያ ድምፅዋ ተሰብሮ «ጠዋት የሰማኸውን እርሳው፣ እሺ?» ብላዋለች። አሁን ከመድኃኒት ቤቱ አጠገብ ካለው ኬክ ቤት ትንሽ ክብ ኬክ ገዝታ መጥታለች፤ በዚህ ዋጋ ድሮ ሁለት ይገዛ ነበር ብላ እናቷ ስትቆጣት፣ «ለዘጠና አራት ያንሰዋል» ስትል በሩ ላይ ሆኖ ሰማ። ጫማውን አወለቀ። የምስክር ወረቀቱን ከቦርሳው አወጣ፤ ጫፉ እንዳይታጠፍ ቀኑን ሙሉ በጋዜጣ መሃል ይዞት ውሏል።

«አባዬ፣ መጣህ? ና ቶሎ፣ እማዬ ቢላውን አንስታለች!»

«መጣሁ» አለ። ሳቅም መጣበት። ወረቀቱን ከጭንቅላቱ በላይ ከፍ አድርጎ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ፣ ጎኑን ሰጥቶ፣ የኩሽናው መብራት ወዳለበት ሄደ። ምንም አልነካም፤ ድምፅም አልነበረም።

«አንቱ ሰውዬ» አለ ከኋላው አንድ ድምፅ።

የኩሽናው በር እጀታ ላይ እጁ ቀረ። ዞረ። እናቱ ኮሪደሩ መሃል ቆማለች፤ አንድ እጇ ግድግዳው ላይ፣ ሌላው የሹራቧ ቁልፍ ላይ። ፊት ለፊት አየችው፤ በሰው ቤት እንግዳ የሆነ ሰው በሚያሳየው ትሕትና አንገቷን ሰበር አደረገች።

«ይቅርታ፣ ስላስቸገርኩዎት። ወደዚያ ሲሄዱ ልጄን ካገኙት፣ እዚህ ናት በሉልኝ። እሱ እስኪመጣ ነው የቆምኩት።»

«እማዬ» አላት። «እኔ ነኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። «እንዳይረሱት ብቻ።»

ከኋላዋ መቆም ነበረበት፤ የምታውቀው እዚያ ነው። ኮሪደሩ ደግሞ አንድ ነው፣ ሌላ መዞሪያ የለውም። ከኋላዋ ለመድረስ እንደገና ሆዱን ሳበ፣ ጎኑን ሰጠ፣ ትንፋሹን ውጦ በእናቱና በግድግዳው መሃል ሾለከ፤ የሹራቧ ክር ሸሚዙን ነካው። ሁለት እርምጃ ርቆ ቆመ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ፤ ወረቀቱ በጣቶቹ መሃል ታጠፈ። ከኩሽና ልጁ ደግማ ጠራችው፤ ሚስቱ «ተይው፣ ይመጣል» አለቻት። ቢላው ሳህን ሲነካ ተሰማ።

ሹፌሩ «አንተ ነህ?» እስክትለው ጠበቀ። እናቱ ቀኝ እግሯን አነሳች። መልሳ እዚያው አስቀመጠችው።